ብርቱካንማውን ጃኬት የለበሰው ሰው

የምስክር ተጨማሪ ቃል

የምስክሯ ስም፦ ወ/ሮ ሎርና ፔትካው
ዕድሜ፦ 59
አድራሻ፦ ካናዳ፣ ማኒቶባ፣ ዶፊን ከተማ
ሥራ፦ የትምህርት ቤት አውቶቡስ ሹፌር
ቃሉ የተሰጠበት ቦታ፦ ሕንድ፣ ስፒቲ፣ ሩምቻ የፖሊስ ኬላ
ቀን፦ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 19 ቀን 2019፣ ከጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን ላብዛንግ
ጉዳዩ፦ የአቶ ዋልተር ፔትካው መጥፋት

እኔ ስሜና አድራሻዬ ከላይ የተጻፈው ምስክር ትናንት ማታ በዚሁ ኬላ ቃሌን ሰጥቼ ፈርሜያለሁ። ዛሬ ጠዋት በድጋሚ የተጠራሁት የእኔ ቃልና የሜካኒኩ የአንግሩፕ ቃል ስላልተገናኘ መሆኑን ዋና ሳጅን ላብዛንግ ነግረውኛል። እኔም ሁለት ሰው የተለያየ ነገር ከተናገረ አንዱ ዋሽቷል፣ የዋሸሁት ደግሞ እኔ አይደለሁም፣ ባለቤቴ ውጭ አድሮ እኔ ወንበር ላይ ተቀምጬ የትናንቱን የምደግምበት ምክንያት አይገባኝም ብያለሁ። ይህ ቅሬታዬ እንዲጻፍልኝ ጠይቄ ተጽፎልኛል።

የጠፋው አቶ ዋልተር ፔትካው ሕጋዊ ባለቤቴ ሲሆን ዕድሜው 63 ነው። በአገራችን ሁለታችንም ሞተር ብስክሌት እንነዳለን፤ ነገር ግን የእኛ አገር ሜዳ ነው፣ መንገዱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ቀጥ ብሎ ይመለሳል። የተጋባንበትን ሠላሳ አምስተኛ ዓመት ምክንያት አድርገን፣ ከየአገሩ የመጡ ሰዎች በቡድን ሆነው ሂማሊያን በሞተር ከሚዞሩበት ጉዞ ጋር እንቀላቀል ያልኩት እኔ ነኝ። ዋልተር እኔስ ዓሣ ማጥመድ ይሻለኛል ብሎ ነበር። እኔን እምቢ ማለት አይሆንለትምና መጣ።

ከፊት የሚመራን ሱክቢር የሚባል የቻንዲጋር ሰው ሲሆን ከኋላ የሚከተለን ደግሞ አንግሩፕ የሚባል የዚሁ ተራራ ተወላጅ ሜካኒክ ነው። ሻንጣችንን የምትጭን አንዲት ፒክአፕ መኪናም አለችን። ሞተሩም ሄልሜቱም የጉዞው ድርጅት ያደለን ስለሆነ የሁላችንም ጥቁርና አንድ ዓይነት ነው። በሩቁ የሚለየው አንግሩፕ ብቻ ነው፤ ብርቱካንማ ጃኬት የሚለብሰው እሱ ብቻ ነውና።

የጉዞው ደንብ ምን እንደሆነ እንዳስረዳ ተጠይቄ የሚከተለውን አስረድቻለሁ። ሱክቢር መንገድ የሚገነጠልበት ቦታ ሲደርስ በጣቱ መሬቱን ይጠቁማል። ከእሱ ቀጥሎ ያለው ነጂ እዚያው ቆሞ ለሚመጡት ሁሉ መንገዱን ያሳያል። ብርቱካንማው ጃኬት እስኪመጣ ድረስ ንቅንቅ አይልም፤ በረዶም ይውረድበት ሽንቱም ይምጣበት። ብርቱካንማው መጣ ማለት ከኋላ ሰው የለም ማለት ስለሆነ የቆመው ሰው ወዲያው ሞተሩን አስነስቶ ከፊቱ ይገባል። ሰው መቁጠር የለም፣ ፊት መለየት የለም፤ የሚጠበቀው ጃኬቱ ነው። ይህን ደንብ ከማንም በላይ የወደድኩት እኔ ነኝ። ሥራዬ ልጆች ማመላለስ ነው፤ አውቶቡሴን ከማቆሜ በፊት እስከ ኋላ ወንበር ድረስ ሄጄ እንቅልፍ የጣለው ልጅ አለመኖሩን አያለሁ፣ አንድም ቀን ልጅ ረስቼ አላውቅም። ስለዚህ ስለ ሰው መርሳት ለእኔ የሚያስተምረኝ የለም ብዬ ለሳጅኑ ተናግሬያለሁ።

ትናንት ከቀኑ ስድስት ሰዓት ተኩል ገደማ ባታል በተባለው ቦታ ከአንድ ድንኳን ምግብ ቤት ገብተን ሩዝ በቦሎቄ በልተን ሻይ እየጠጣን ሳለ በረዶ መጣል ጀመረ። ዋልተር ከንፈሩ ጠቁሮ ይንቀጠቀጥ ነበር። ሞተሬን መኪናዋ ላይ ጭኜ እኔም በመኪና ልሂድ አለኝ። እኔ ያን ጊዜ ብሽቅ አልኩ። ይህን ሁሉ አገር አቋርጠን መጥተን ትልቁን አቀበት በመኪና ልትወጣው ነው ወይ ብዬ፣ ሰው እየሰማ፣ "እሺ፣ አንተ ከሻንጣዎቹ ጋር ሂድ፤ እኔ ፎቶ አንስቼ አሳይሃለሁ" አልኩት። እሱም "ሎርና፣ እጄ እኮ የራሴ አልመስል አለኝ" አለ። ሌሎቹ ሳቁ። እኔ ጓንቴን አጥልቄ ወጥቼ ከሱክቢር ቀጥዬ ቆምኩ። ከዚያ በኋላ ባለቤቴን በዓይኔ አላየሁትም። ትናንትም እንዲሁ ብዬ ነው የፈረምኩት።

ከባታል ወጣ እንዳልን መንገዱ ለሁለት ይከፈላል፤ የግራው ወደ ቻንድራታል ሐይቅ፣ የቀኙ ወደ ትልቁ አቀበት፣ ወደ ኩንዙም አናት ይወስዳል። ሱክቢር መሬቱን ጠቆመልኝና ቆምኩ። መጀመሪያ ያለፈችው ሻንጣ የጫነችው መኪና ናት፤ አናቱ ላይ ቀድማን ሻይ እንድታፈላ ታዝዛ ነበር። ኋላዋ በሸራ ተሸፍኗል፣ መስኮቶቿ በእንፋሎት ታፍነዋል። ዋልተር ውስጧ መሆኑን አልተጠራጠርኩም፤ ሸራው ሥር ያበጠውም ነገር ሞተሩ መሰለኝ። አኩርፌ ስለነበር እጄን እንኳ አላወዛወዝኩም። ከዚያ ሌሎቹ ነጂዎች አንድ በአንድ አንገታቸውን ቀብረው አለፉ። ከእነሱ በኋላ መንገዱ ጭር አለ። በረዶው ጠጠር ጠጠሩን ይወርዳል፣ ጣቶቼ ደንዝዘዋል። ቆይቶ ብርቱካንማው ብቅ ሲል ተመስገን አልኩ።

እሱም አጠገቤ ሲደርስ ቆመ፣ ሁለት እጁን አወናጨፈ፣ የሆነ ነገርም ተናገረ። በረዶው ሄልሜቴን ስለሚደበድበው ምን እንዳለ አልሰማሁም። ሂጂ፣ ሂጂ ያለኝ መሰለኝ። ብርቱካንማው ሲመጣ ሌላ ምን ይባላል? ሞተሬን አስነስቼ በደንቡ መሠረት ከፊቱ ገባሁ።

ወደ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ ኩንዙም አናት ደረስኩ። እንደ አካባቢው ልማድ እዚያ ያለችውን ትንሽ ቤተ መቅደስ በሞተሬ ዞሬ ከመኪናዋ አጠገብ አቆምኩ። ሱክቢር ብርቱካንማውስ ብሎ ጠየቀኝ፣ ከኋላዬ ነው አልኩት። ከዚያ በባታሉ ነገር ቆጭቶኝ ስለነበር ዋልተርን ልታረቀው ብዬ የመኪናዋን በር ከፈትኩ። ሻንጣና የሻይ ፔርሙዝ እንጂ ሰው የለም። ሹፌሩ ማንንም አልጫንኩም አለኝ። ሸራውን ገልጬ አየሁ፣ ሞተርም የለም።

አንግሩፕ የመጣው ብዙ ከቆየን በኋላ ነው። ጃኬቱን አልለበሰም፤ በሹራብ ነበር፣ እጁ በግራሶ ጠቁሯል። ከሞተሩ ሳይወርድ ፈገግ ብሎ "ጋሼ ዋልተር ሻይ ጠጡ?" ብሎ ጠየቀ። ነገሩን ሲነግሩት እንዲህ አለ፦ ባታል ላይ ጋሼ ዋልተር ሲንቀጠቀጡ አይቼ አሳዘኑኝና ንፋስ እንዳይገባቸው ጃኬቴን አለበስኳቸው፣ ትንሽ እንደሄድን የእኔን ጎማ ሚስማር ወጋው፣ እርስዎ ይቅደሙና መገንጠያው ላይ እትዬ ሎርናን እንዲጠብቁኝ ይንገሩልኝ አልኳቸው፣ ካላማዳሪያውን ለጥፌ ስነሳ መገንጠያው ላይ ሰው ስላጣሁ አብረው የሄዱ መሰለኝ አለ።

እኔ ይህን ስሰማ ደሜ ፈላ። እንዴት ያለ ዓይን አውጣ ነው አልኩ። "አንተ አይደለህ እንዴ በፊቴ ያለፍከው? ጃኬቱን የት ጣልከው?" አልኩት። እሱም "እትዬ ሎርና፣ ያዩት እኔን አይደለም" አለ። ውሸታም አልኩት፣ ሰው ሁሉ እየሰማ። ለእኔ ነገሩ ግልጽ ነበር። አንግሩፕ ባለቤቴን ከኋላው ጥሎ መጥቷል፤ ዋልተር መገንጠያው ላይ ሲደርስ እኔ ስለሌለሁ በግራው መንገድ ወደ ሐይቁ ሄዷል፤ አንግሩፕ ጥፋቱን ሲያውቅ ጃኬቱን አውልቆ ወርውሮ ይህን ተረት ይዞ መጣ።

አንግሩፕ በመጣንበት መንገድ በእግር ወርደን መታጠፊያ በመታጠፊያ ወደ ገደሉ እንይ ብሎ ለመነ። እኔ ደግሞ ከጣለበት ቦታ ሊያርቀን ነው አልኩ። ሱክቢር አንዴ እሱን አንዴ እኔን ሲያይ ቆየና፣ ሚስቱም እሷ ናት መገንጠያው ላይ የቆመችውም እሷ ናት ብሎ የእኔን ቃል ያዘ። አንግሩፕ መንገዱን በረዶ ሳይይዘው ሌሎቹን መርቶ ወደዚህ ኬላ እንዲያወርድ ታዘዘ። ሱክቢር፣ ሹፌሩና እኔ በመኪናዋ ወደ ሐይቁ ወረድን። የሐይቁን ድንኳኖች አንድ በአንድ ጠየቅን፣ ያየው የለም። በመጣንበት ተመልሰን እዚህ ደርሰን ቃሌን ሰጠሁ። ዛሬ ጎህ ሲቀድ የወጡት ፈላጊዎችም የተላኩት በእኔ ቃል ወደ ሐይቁ ነው።

ከዚህ በኋላ ሳጅኑ ከመገንጠያው እስከ አናቱ ድረስ በስፖኪዮ ምን እንዳየሁ ጠይቀውኛል። ይህ ከጉዳዩ ጋር ምን አገናኘው ብዬ ነበር፤ ሆኖም እንደሚከተለው መልሻለሁ። ከመገንጠያው ትንሽ ከፍ ብሎ ከበረዶው ግግር የሚወርድ ውሃ መንገዱን ያቋርጠዋል። እኔ ሱክቢር እንዳስተማረን ከመቀመጫዬ ተነስቼ መርገጫው ላይ ቆሜ ተሻገርኩት። ተሻግሬ በስፖኪዮ ሳይ ብርቱካንማው ሁለት እግሩን ግራና ቀኝ አውርዶ ውሃውን እየረገጠ፣ ሞተሩን እንደ ብስክሌት እየገፋ ሲሻገር አየሁት። ሳቄ መጣ። ለካስ ሜካኒኩም ውሃ ይፈራል ብዬ በሆዴ ቀለድኩበት።

ሳጅኑ እስክሪብቷቸውን አስቀምጠው "ወይዘሮ፣ ከቡድናችሁ ውሃ ሲያጋጥመው ሁለት እግሩን የሚያወርደው ማነው?" ብለው ጠየቁኝ።

(ለምስክሯ ውሃ ተሰጥቷታል። ላብዛንግ፣ ዋ/ሳ)

ዋልተር ነው። የጉልበቱ ጅማት ከተበጠሰ ወዲህ ቆሞ መንዳት አይሆንለትም፤ እንዲህ የሚያደርገው ዋልተር ብቻ ነው። ቡድኑ በሙሉ ዳክዬው እያለ ሲስቅበት ነው የከረመው፤ ስሙንም ያወጣሁለት እኔ ነኝ። አንግሩፕ ውሃ ሲሻገር መቀመጫው ላይ ቁጭ ብሎ እንኳ አያውቅም፣ ቆሞ አንድ እጁን ኪሱ ከቶ የሚሻገር ሰው ነው።

አሁን የምናገረው ቅደም ተከተል ከሌለው ይቅርታ ይደረግልኝ፣ ራሴም አልገባኝም። እኔ አንግሩፕን አይቻለሁ ብዬ ምዬ ነበር። ፊቱን አይተሻል ወይ ስባል አላየሁም፤ መስታወቱ ወርዶ በረዶ ለጥፎበት ነበር። ድምፁን ሰምተሻል ወይ ስባል አልሰማሁም። ታዲያ ምኑን አየሽ ስባል ጃኬቱን ነው የምለው። ሠላሳ አምስት ዓመት አብሬው የተኛሁት ሰው ክንድ በሚያህል ርቀት አጠገቤ ቆሞ እጁን ሲያወናጭፍልኝ አላወቅሁትም። ሂጂ መስሎኝ ነበር። አንግሩፕ ጠብቂ በላት ብሎ ከላከው ግን ጠብቂ ነው ሲለኝ የነበረው። መልእክቱን ሳላደርስ እንዳልቀር ብሎ፣ የሚመራውም ሰው አጥቶ፣ ሊደርስብኝ ሲሮጥ ነበር ማለት ነው። ነው ወይስ አሁንም እየተሳሳትኩ ነው? አላውቅም። ትናንት እርግጠኛ ነበርኩ።

ሳጅኑ የማስበውን ትቼ ያየሁትን ብቻ እንድናገር፣ የዋልተርን ሞተር መብራት ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት የት እንደሆነም እንዳስታውስ ነግረውኛል። ውሃውን ካለፍን በኋላ መብራቱን ደጋግሞ አብርቶ አጥፍቶብኛል። እኔ ፍጠኚ ያለኝ መስሎኝ ነዳጅ ሰጠሁ። የመንገድ ሠራተኞች ጠጠር የከመሩበት መታጠፊያ አለ። እሱ ላይ ስታጠፍ መብራቱ ነበረ። ከእሱ ቀጥሎ ባለው ላይ ሳይ አልነበረም። ሽንት ሊሸና የቆመ መስሎኝ መንገዴን ቀጠልኩ።

እዚህ ላይ ሳጅኑ ተነስተው በሬዲዮ ወደ ሐይቁ የሄዱት ሰዎች ወደ ጠጠሩ መታጠፊያ እንዲዞሩ አዘዋል። አንግሩፕ ከጠዋት ጀምሮ ከኬላው በር ላይ ሄልሜቱን ታቅፎ ተቀምጦ ነበር፤ ከኬላው እንዳይርቅ ተነግሮታል። ሳጅኑ ወጥተው ሲነግሩት ገመድ ይዞ ወደ ሞተሩ ሮጠ። ወጥቼ ይቅር በለኝ ልለው ፈለግሁ፤ እሱ ግን ወደ እኔ ለመዞር ጊዜ አልነበረውም። ቃሌ እስኪመለሱ ድረስ ተቋርጧል።

ቃሌ የቀጠለው በዚሁ ዕለት ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ ነው። ባለቤቴ ከጠጠሩ መታጠፊያ በታች ገደሉ ውስጥ በሕይወት መገኘቱ በሬዲዮ ተነግሮኛል። እግሩ ሞተሩ ሥር ገብቶ ተሰብሯል። በገመድ ወርዶ ያወጣው አንግሩፕ ነው። ከመንገድ ሠራተኞቹ የጭነት መኪና ላይ ተጭኖ ወደ ካዛ ሆስፒታል እየተወሰደ ሲሆን፣ እኔም ፈርሜ እንደጨረስኩ በሳጅኑ መኪና እከተለዋለሁ። አንግሩፕ ቀድሞ በሞተር መጥቶ አሁን ከዚህ ክፍል ውስጥ አለ። ትናንት ስለ እሱ የተናገርኩት ሁሉ ሐሰት መሆኑን፣ የእሱ ቃል ግን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ እውነት መሆኑን እሱ ባለበት ተናግሬያለሁ። አንግሩፕም "ይሁን፣ እትዬ" ብሎኛል።

ዋልተር ለአንግሩፕ ነግሮት አንግሩፕ የነገረኝን እዚህ እንዲጻፍ እጠይቃለሁ። ዋልተር ሲወድቅ ራሱን ስቶ ነበር፤ አንግሩፕ ከላይ ሲያልፍ ያልሰማው በዚህ ምክንያት ነው። የነቃው ሊመሽ ሲል ነው። መኪና ከላይ ሲወርድ ሰምቶ የሞተሩን ክላክስ ነፋ። መኪናዋ መታጠፊያው ላይ ቆመች። ደረሱልኝ አለ። ከዚያ ሞተሯ ጮኸና ሄደች። ባትሪው እስኪያልቅ ነፍቶ ነፍቶ ዝም አለ።

በዚህ ላይ በትናንቱ ቃሌ ያልተጻፈ ነገር አለኝ። ያልተናገርኩት ልደብቅ ብዬ አይደለም፣ ነገር አልመሰለኝም ነበር። ወደ ሐይቁ ስንወርድ እዚያ መታጠፊያ ላይ መኪናዋን ያስቆማት ሱክቢር ነው። መስኮቱን ዝቅ አድርጎ የክላክስ ድምፅ የሰማሁ መሰለኝ አለ። እኔም ሰምቻለሁ። "ንፋስ ነው፤ ዋልተር ያለው ሐይቁ ጋ ነው፣ ንዳው" አልኩት።

ዋልተር ሲያወጡት አንግሩፕን የጠየቀው መኪናዋ ውስጥ ማን እንደነበረ ነው። አንግሩፕ እያወቀ አላውቅም ብሎታል። ይህን ሲነግረኝ መሬት መሬት እያየ፣ "እርስዎ ይንገሯቸው" አለኝ።

ከላይ የሰጠሁት ቃል ተነቦልኝ ተረድቼዋለሁ። እውነት ነው ብዬ እንድፈርም ስጠየቅ፣ ትናንትም ይህንኑ ተጠይቄ ሳላመነታ ፈርሜ ነበር ብዬ መልሻለሁ። ዛሬ ስላየሁት ነገር ሁሉ እርግጠኛ አይደለሁም። መኪናዋ ውስጥ የነበርኩት ግን እኔ ነኝ፤ ንዳው ያልኩትም እኔ ነኝ። ለዚህ እፈርማለሁ።

የምስክሯ ፊርማ፦ ሎርና ፔትካው
ሲነበብላት በቦታው የነበረ፦ አንግሩፕ
ቃሉን የተቀበሉት፦ ዋና ሳጅን ላብዛንግ